8 ቴራ ዲስክ እንዴት 20 ቴራ ቪዲዮ ይጠብቃል? ስለ ፓሪቲ የገባው ሰው ያስረዳኝ

ካሜራማን_ከአዳማ

ሰላም ቤተሰብ። አዳማ ላይ ትንሽ የሰርግ ስቱዲዮ አለን። የምንሠራው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ጥያቄዬ ስለ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል።

በቅርቡ አንድ ኤክስተርናል ቀጭ ቀጭ ሲል ቆይቶ ጭራሽ አልከፈት አለ። ውስጡ የነበረው ድሮ ያስረከብናቸው ሰርጎች ጥሬ ቪዲዮ ነው። ደንበኞቹ ፊልማቸውን ስለወሰዱ ብዙም አልደነገጥኩም ነበር። ከዚያ አንዷ ሙሽራ ከአሜሪካ ደወለች። አባቷ አርፈዋል። እሳቸው የመረቁበትን ሙሉውን ቪዲዮ ላክልኝ አለችኝ። ፊልሙ ላይ የገባው ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሙሉው የነበረው እዚያ ዲስክ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያሳየሁት ባለሙያ «ዲስኩ ውስጡ መከፈት አለበት፣ ይወጣል ብዬም ቃል አልገባልህም» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ዝም አልኩ።

አሁን በእጄ ያሉት አራት ዲስኮች ናቸው። ሁለቱ ባለ 8 ቴራባይት፣ ሁለቱ ባለ 4። አራቱም አንድ ዴስክቶፕ ውስጥ ተገጥመዋል፣ ዊንዶውስ 10 ነው። በድምሩ 24 ቴራ፣ ከዚያ 20 ያህሉ ሞልቷል። በሁለት ካሜራ 4ኬ እና በድሮን ስለምንቀርጽ አንድ ሰርግ ከመልሱ ጋር 400 እና 500 ጊጋ ይይዛል። ሁሉንም በሁለት በሁለት ለመገልበጥ ሌላ ይህን ያህል ዲስክ መግዛት አለብኝ። አቅሜ አይፈቅድም። አንድ ዲስክ እችላለሁ፣ ቢበዛ ሁለት።

አንድ ወዳጄ «ፓሪቲ የሚባል ነገር አለ፣ አንድ ዲስክ ጨምረህ አራቱንም ትጠብቃለህ» አለኝ። እዚህ ጋ ነው ግራ የገባኝ። 8 ቴራ እንዴት ሆኖ 20 ቴራ ይይዛል? ዚፕ ያደርገዋል እንዳልል ቪዲዮ ዚፕ ቢሆን እንኳ አይቀንስም። ደግሞ እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚውለው። ዩፒኤስ አለኝ፣ ባትሪው ግን ደክሟል። የገባው ሰው ቀለል አድርጎ ያስረዳኝ።

---

ቢት_በቢት

ቀላል ነው ብሮ። አራት ዲስክ የሚይዝ የናስ ሳጥን (ዲስኮችን ይዞ በኔትወርክ የሚያጋራ) ግዛ፣ ሬይድ 5 (ዲስኮቹን በፓሪቲ አንድ ላይ የሚያሠራ ዘዴ) አድርገው፣ ጨረስክ። አንዱ ዲስክ ሲሞት ሳጥኑ ይጮሃል፤ አውጥተህ አዲስ ትከታለህ፣ ራሱ ይሞላዋል። ሥራህም አይቋረጥም። ድርጅቶች የሚጠቀሙት ይሄንኑ ነው።

---

የማህደር_ሰው

ካሜራማን፣ መጀመሪያ ሂሳቡን ልንገርህ። ሂሳቡ ከገባህ ምን መግዛት እንዳለብህ ራስህ ትወስናለህ።

ምግብ ቤት በልተህ ደረሰኝ ተቀበልክ እንበል። አራት ምግብ ተዘርዝሯል፣ ከታች ድምሩ አለ። ከአራቱ ዋጋዎች በአንዱ ላይ ወጥ ፈሰሰበትና አይነበብም። ዋጋውን ማወቅ ትችላለህ? እንዴታ። ከድምሩ ላይ የሦስቱን ትቀንሳለህ። ልብ በል፤ ድምሩ አራቱን ዋጋ በውስጡ አልያዘም። አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ግን ከተረፉት ጋር ሲሆን የጠፋውን ይመልሳል። ሁለት ዋጋ ከጠፋ ግን ድምሩ ብቻውን አይበቃህም።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው በ0 እና በ1 ስለሆነ አደማመሩ ይለያል። ኤክስኦር ይሉታል። ደንቡ አጭር ነው፦ የ1ዎቹ ብዛት ሁልጊዜ ጥንድ ይሁን። አራቱ ዲስኮችህ በሆነ ቦታ ላይ 1፣ 0፣ 1፣ 1 ተጽፎባቸዋል እንበል። 1ዎቹ ሦስት ናቸው፣ ጎዶሎ። ስለዚህ ፓሪቲው ላይ 1 ይጻፋል። አራት ሆኑ፣ ጥንድ። አሁን ሦስተኛው ዲስክ ሞተ። የቀረን 1፣ 0፣ 1 እና የፓሪቲው 1 ነው። 1ዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጥንድ ለመሆን አንድ ይጎድላል። እንግዲያው የሞተው ዲስክ ላይ የነበረው 1 ነው። ለ8 ቴራባይት ይህን ቀላል ሥራ 64 ትሪሊዮን ጊዜ መድገም ነው። ኮምፒውተር ደግሞ አይሰለቸውም።

ስለዚህ ፓሪቲ ዲስኩ 20 ቴራህን አይይዝም። የሚይዘው አንድ ረድፍ ድምር ነው። የረድፉ ርዝመት ከትልቁ ዲስክህ ጋር እኩል ይሆናል። ባለ 4ቶቹ ዲስኮች ካለቁ በኋላ ያለው ቦታ እንደ 0 ይቆጠራል። ለ8፣ 8፣ 4፣ 4 አንድ ባለ 8 ይበቃል ማለት ነው። ወደፊት አምስተኛ ባለ 8 ብትጨምር እንኳ ያው አንዱ ፓሪቲ ያካትተዋል።

አሁን ወደ ሬይድ 5 እንምጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ የቆየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰን እና ካትዝ የሚባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሬይድ በሚል ስም ጽሑፋቸውን ሲያወጡ ነገሩ የተነሳው ከወጪ ነው፦ አንድ ውድ ትልቅ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አንድ ላይ ማሠራት። ብዙ ርካሽ ዲስክ ካለ ደግሞ ከመሀል አንዱ መሞቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ትርፍ መረጃ ማስቀመጥ የግድ ሆነ። ለአንተ ጉዳይ ግን አልመክረውም።

ሬይድ 5 ዲስኮቹን የሚለካው በትንሹ ነው። 8፣ 8፣ 4፣ 4 ስትሰጠው አራት ባለ 4 አድርጎ ያያቸዋል፤ ከዚያም ላይ የአንዱን ያህል ለፓሪቲ ይወስዳል። 12 ቴራ ይቀርሃል። አንተ 20 ቴራ ቪዲዮ ይዘሃል። ደግሞ ዲስኮቹ ሳጥኑ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ይጠረጋሉ። 20ውን ቴራ እስከዚያ የት ልታቆየው ነው?

ሌላም አለ። ሬይድ 5 አንዱን ፋይል ቆራርጦ በሁሉም ዲስኮች ላይ ይበትነዋል። ስለዚህ ሁለት ዲስክ አብሮ ከሞተ የቀሩት ሁለቱ ዲስኮች ጤነኛ ቢሆኑም ከነሱ አንድም ሙሉ ቪዲዮ አታወጣም። ሁሉም ውሃ በላው። በአጻጻፍ መሀል መብራት ሲሄድ ደግሞ ዳታው ተጽፎ ፓሪቲው ሳይጻፍ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ መከላከያ ያላቸው አሉ፣ የሌላቸውም አሉ። አንተ ደግሞ መብራቱን ራስህ ነግረኸናል።

አንተን የሚስማማህ ስናፕሬይድ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በሊነክስም ይሠራል። አንድሪያ ማዞሌኒ የሚባል ሰው ነው የጻፈው። እኔ የምሠራበት ቤት የድምፅና የቪዲዮ ማህደሩን የምንጠብቀው በዚሁ ነው። ዋናው ልዩነቱ ዲስኮችህን አይነካም። ፋይሎችህ ባሉበት ዲስክ፣ ባሉበት ፎልደር ይቀመጣሉ። አንዱን ዲስክ ነቅለህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰካው እንደ ማንኛውም ዲስክ ይከፈታል። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ሁሉንም አንብቦ ድምሩን አምስተኛው ዲስክ ላይ መጻፍ ነው። ሁለት ዲስክ አብሮ ቢሞትብህ የሁለቱን ታጣለህ፣ የተረፉት ላይ ያለው ግን የአንተው ነው።

ደግሞ አንድ ሰዎች የማያስተውሉት ነገር ይሠራል። ዲስክ ሁልጊዜ ቀጭ ቀጭ ብሎ አይሞትም። አንዳንዴ ጤነኛ መስሎ እየሠራ ውስጥ ለውስጥ ፋይል ይበላሻል። ቪዲዮውን ስትከፍተው መሀል ላይ አረንጓዴ ይሆናል ወይ ይቆማል። ተራ ፓሪቲ ብቻውን እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው፦ ድምሩ አልገጠመም ይልሃል፣ ከአምስቱ ማን እንደዋሸ ግን አይነግርህም። ስናፕሬይድ ለእያንዳንዱ የፋይል ቁራጭ የራሱን የጣት አሻራ ይመዘግባል፣ ሀሽ የሚሉትን። ቁራጩ በነባሪው 256 ኪሎባይት ነው። የማን ቁራጭ አሻራው እንደተቀየረ ስለሚያውቅ የተበላሸውን ለይቶ ከሌሎቹ ያስተካክለዋል። ይህን ምርመራ ስክራብ ይሉታል። ዝም ብለህ ስታዘው በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው 8 በመቶውን ይመረምራል። በየሳምንቱ ካስኬድከው በሦስት ወር ገደማ ሁሉንም ያዳርሳል። ለእኔ ከፓሪቲው የማይተናነስ ጥቅም ነው ያለው። የሞተ ዲስክን ማንም ያውቀዋል።

አሁን ጉድለቱን ልንገርህ፣ ምክንያቱም አለው። እንደ ሬይድ በየሰከንዱ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ለመጨረሻ ጊዜ ሲንክ ያደረግክበትን፣ ማለትም ድምሩን አድስ ብለህ ያዘዝክበትን ሁኔታ ነው። እሑድ የቀረጽከውን ሰኞ ጠዋት ገልብጠህ ሲንክ ሳታደርግ ዲስኩ ማታ ቢሞት ያ ሰርግ ፓሪቲው ላይ የለም። ስለዚህ ሲንኩ ሳያልቅ የካሜራውን ካርድ ፎርማት እንዳታደርግ። ይህን ለወንድምህም ንገረው፤ ካርድ የሚቸኩለው ብዙ ጊዜ ረዳቱ ነው።

ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው። አንዱ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ሲንክ ሳታደርግ ብታጠፋ፣ የሌላውም ዲስክ ጥበቃ በዚያው ልክ ይሸረሸራል። ደረሰኙን አስብ፦ ድምሩ የተሠራው የድሮውን ዋጋ ይዞ ነው። አንተ አንዱን ዋጋ ሰርዘህ፣ በዚያው ሌላው ላይ ወጥ ከፈሰሰ ሂሳቡ አይመጣም። የድሮ ሰርግ ስትሰርዝ እንግዲህ ወዲያው ሲንክ አድርግ። በተቃራኒው፣ በስህተት ያጠፋኸውን ፋይል ሲንክ ከማድረግህ በፊት ከፓሪቲው መመለስ ትችላለህ። ሬይድ ይህን አያደርግልህም፤ ፋይል አጥፋ ስትለው ፓሪቲውንም አብሮ ያስተካክለዋል።

---

ሰሊ_ኤዲተር

የማህደር ሰው ማብራሪያህ ግሩም ነው፣ ደረሰኙ ተመችቶኛል። ግን አንድ ነገር ዝም ልል አልችልም። ይሄ ሁሉ ዲስክ አንድ ዴስክቶፕ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ድሮ የምሠራበት ቤት ሌባ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከነስክሪኑ ወሰደው። ፓሪቲው ምን ይሠራልናል? ከነፓሪቲው ነው የሄደው። እሳት ቢነሳም፣ ጣሪያው ቢያፈስም ያው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነው የምለው። ለእኔ ቢያንስ የተመረጠውን ነገር ሌላ ቤት ማስቀመጥ ይቀድማል።

---

የማህደር_ሰው

እህቴ ልክ ነሽ፣ ከአንቺ ጋር አልከራከርም። ፓሪቲ የሚጠብቀው ከዲስክ ሞት ነው። ከሌባ፣ ከእሳት፣ ፋይል ከሚቆልፍ ቫይረስ አይጠብቅም። ለዚያ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ እንጂ ምንም አይተካውም። ፎቶግራፈሩ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ከእናንተው ሙያ የወጣ ሰው ነው።

ግን ካሜራማን 20 ቴራ በሦስት አድርግ ቢባል ስቱዲዮውን ይዘጋል። እኔ የምለው መለየት ነው። ያለቀው ፊልምና የተመረጠው ፎቶ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። እነሱን አንድ ኤክስተርናል ላይ ገልብጦ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል። ከጥሬው ቪዲዮ ደግሞ ያቺ ሙሽራ የጠየቀችውን ዓይነት ብቻ አብረህ ገልብጥ፦ ምርቃቱን፣ የሽማግሎቹን ንግግር፣ የአያቶቹን። ጭፈራውን ማንም ከአሜሪካ ደውሎ አይጠይቅህም። የቀረው ጥሬ ነገር በፓሪቲ ይጠበቅ።

ዘመድ ቤት ለሚሄደው ኤክስተርናል ደግሞ ፓር2 የሚባለውን ተመልከት። ያው የፓሪቲ ሐሳብ ነው፣ ግን ለዲስክ ሳይሆን ለፋይሎች ነው። 10 በመቶ ትርፍ ስጠኝ ካልከው ከፊልሞቹ አጠገብ ተጨማሪ ፋይሎች ይሠራል፤ ከዚያ ከጠቅላላው እስከዚያ ድረስ ቢበላሽ ይጠግንልሃል። ኤክስተርናሉ ጭራሽ ካልተከፈተ ግን ፓር2ም አብሮ ነው የሚሞተው።

---

ቢት_በቢት

ይሁን፣ ግን የተለያየ መጠን ያላቸውን ዲስኮች የሚቀበሉ ሳጥኖችም እኮ አሉ። ሁሉንም በትንሹ አይለኩም። ደግሞ ሰዉ የሲንክ ነገር ይረሳል። ሬይድ አይረሳም።

---

የማህደር_ሰው

አሉ፣ ልክ ነህ። እነሱም ቢሆኑ ለ8፣ 8፣ 4፣ 4 የሚሰጡት የትልቁን አንዱን ዲስክ ቀንሰው 16 ቴራ ነው። 20ው አሁንም አይገባም፣ መጀመሪያ መጥረጉም አይቀርም። አዲስ ሳጥን ከአዲስ ዲስኮች ጋር ለሚገዛ ሰው ወይም ሦስት ኤዲተር ከአንድ ማስቀመጫ ላይ አብሮ ለሚሠራበት ቤት እኔም ያንኑ እመክር ነበር። ሥራው ለደቂቃ መቆም የሌለበት፣ ፋይሉ በየደቂቃው የሚቀያየር ከሆነ ስናፕሬይድ ቦታው አይደለም። የሰርግ ጥሬ ቪዲዮ ግን አንዴ ከተቀመጠ አይቀየርም።

መርሳቱን በተመለከተ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ስኬጁለር አለ። ሌሊት ላይ ራሱ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። እኔ ግን በእጅ ማድረጉን እመርጣለሁ። ሲንክ ከማድረግህ በፊት ዲፍ የሚለውን ታዛለህ፤ ካለፈው ወዲህ ምን ተጨመረ፣ ምን ጠፋ ብሎ ይዘረዝርልሃል። ሁለት ሰርግ ጨምሬያለሁ ብለህ ስታበቃ «3 ሺህ ፋይል ጠፍቷል» ካለህ እጅህን ሰብስብ። አንድ ነገር ሆኗል። ሲንክ ካደረግክ ያንን ጥፋት ታጸድቀዋለህ።

---

ካሜራማን_ከአዳማ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ሰሊ፣ የሌባው ነገር አስደነገጠኝ፤ ምርቃትና ንግግሮቹን መለየት ዛሬውኑ እጀምራለሁ፣ እናቴ ቤት ይቀመጣል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሁለቱን ባለ 8 ዲስኮች የገዛኋቸው ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ነው። አብረው ቢሞቱስ? ሁለተኛው፣ ስጀምር ከምን ልጀምር? መመሪያውን አየሁት፣ በጥቁር ስክሪን የሚጻፍ ነው። ትንሽ ፈራሁ።

---

የማህደር_ሰው

በአንድ ቀን የተገዙ ዲስኮች ከአንድ ምርት የወጡ፣ እኩል የሠሩ፣ እኩል የሞቁ ናቸው። በተቀራራቢ ጊዜ መድከማቸው የሚያስገርም አይደለም። ደግሞ አንዱ ሲሞት የሞተውን ለመመለስ የቀሩት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። የደከመ ዲስክ የሚጋለጠው ያኔ ነው። በብዙ ዲስኮች መግለጫ ላይ በ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ውስጥ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊኖር ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ወደ 12.5 ቴራባይት ነው። በተግባር ዲስኮች ከዚያ የተሻሉ ናቸው፣ ግን ቁጥሩ ዜሮ አይደለም። ስናፕሬይድ እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥመው ያንን ቁራጭ የነካውን ፋይል ብቻ ታጣለህ፣ ሌላው ይቀጥላል። አንዳንድ የሬይድ ሳጥን ግን ሥራውን እዚያው ያቆማል።

ሁለት ሞት ለመቋቋም ሁለተኛ ፓሪቲ ዲስክ ያስፈልጋል። ያው ድምር ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ጥቅም የለውም፤ አንድን ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ነው የሚሆነው። ሁለተኛው ፓሪቲ እያንዳንዱን ዲስክ በተለያየ ቁጥር እያባዛ ነው የሚደምረው። ሁለት የማይታወቁ ነገሮች፣ ሁለት የተለያዩ እኩልታዎች። ትምህርት ቤት የተማርነው ነው። ከጀርባው ያለው ሬድና ሰለሞን የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ሂሳብ ነው። የተቧጨረ ሲዲ ዘፈኑን ሳይቆርጥ የሚያጫውተው በዚሁ ነው። ሱቅ በር ላይ የተለጠፈ የቴሌብር ኪውአር ኮድ ትንሽ ተቧጭሮም የሚነበበው በዚሁ ነው። ስናፕሬይድ እስከ ስድስት ፓሪቲ ድረስ ይቀበላል። ለአራት ዲስክ አንድ ይበቃሃል ባይ ነኝ፤ ዲስኮችህ ስድስት ሰባት ሲደርሱ ሁለተኛውን ጨምር። አሁን ያለህን የሁለተኛ ዲስክ ገንዘብ ለእናትህ ቤቱ ኤክስተርናል አውለው።

አጀማመሩ አያስፈራም። ከመጀመሪያው ሲንክ በፊት የዲስኮቹን ጤና እይ። የስማርት ቁጥሮችን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግባቸውን) የሚያሳይ ማንኛውም ነፃ ፕሮግራም ይሆናል። ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ላይ ዜሮ ካየህ ደስ ይበልህ። 197 ላይ ቁጥር ካለ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው፤ ከዚያ ዲስክ ላይ አስቀድመህ ዋና ዋናውን ገልብጥ። 199 ከፍ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ ዲስኩ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው፣ ኬብሉን ቀይር። ይህን የምልህ ፓሪቲ ያገኘውን ነው የሚጠብቀው። የተበላሸ ቪዲዮ ከሰጠኸው የተበላሸውን በታማኝነት ይጠብቅልሃል።

ዩፒኤሱን አትጣለው። ባለ 12 ቮልት ባትሪው ብቻ ይቀየራል። የመጀመሪያው ሲንክ ሁሉንም ዲስክ ስለሚያነብ ረጅም ነው። በሰከንድ 150 ሜጋባይት ገደማ ቢያነብ ለ8 ቴራው 15 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አራቱም አብረው ስለሚነበቡ 20ው ቴራ ከዚያ አያልፍም። መሀል ላይ ብታቆመው ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት በድንገት ለሚሄድበት ቦታ አውቶሴቭ የሚል መስመር አለ፤ ይህን ያህል ጊጋ ከሠራህ በኋላ የደረስክበትን መዝግብ ትለዋለህ። 500 አድርገው። ከዚያ በኋላ ያለው ሲንክ ሁሉንም ሳይሆን አዲሱ ሰርግ የነካውን ቦታ ብቻ ስለሚያነብ ቡና ጠጥተህ ስትመጣ አልቆ ታገኘዋለህ።

ኮንፊግ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል። ፓሪቲው የት እንዳለ፣ ዳታ ዲስኮቹ የት እንዳሉ፣ ኮንቴንት የሚባለው መዝገብ የት እንደሚቀመጥ ትጽፍለታለህ። ያ መዝገብ የጣት አሻራዎቹን ሁሉ የያዘ ስለሆነ ከጠፋ ፓሪቲው ብቻውን ምንም አይሠራም። አንዱን ዊንዶውሱ ያለበት ዲስክ ላይ፣ ሁለት ሌሎች ቅጂዎች ደግሞ ዳታ ዲስኮቹ ላይ አድርግ። ኤዲት የምታደርግበት ፕሮግራም የሚፈጥራቸውን የካሽ ፎልደሮች ደግሞ ዝለላቸው በለው። በየሰዓቱ ይቀያየራሉ፣ ቢጠፉም ራሱ ይሠራቸዋል። እየሠራህበት ያለውን ፕሮጀክትም በሌላ ኤስኤስዲ ላይ አቆየውና ሲያልቅ ወደ ማህደሩ አስገባው።

ሲንኩ ካለቀ በኋላ ሳትፈትነው አትመነው። አንዲት ቪዲዮ ከፎልደሯ አውጥተህ ኤስኤስዲው ላይ አስቀምጥ። ከዚያ ፊክስ በሚለው ትዕዛዝ ያቺን ፋይል መልሳት በለው። የመለሰልህን ካወጣኸው ጋር አስተያይ፣ አጫውታት። አንዴ በዓይንህ ስታይ የጥቁሩ ስክሪን ፍርሃት ይለቅሃል።

ዲስክ በእርግጥ የሞተ ቀን ደግሞ ሲንክ የሚለውን ቃል እንዳትነካ። የሆነ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ ካገኘው ፕሮግራሙ ራሱ እምቢ ይላል፣ ካላስገደድከው በቀር። አታስገድደው። ሌሎቹም ላይ ምንም አትጻፍ፣ ምንም አታጥፋ። አዲስ ዲስክ ገጥመህ ኮንፊጉ ላይ በሟቹ ቦታ ተካውና የዚያን ዲስክ ስም ጠቅሰህ ፊክስ በለው። ሲጨርስ ቼክ አድርግ። ሲንክ የምታደርገው ያ ሁሉ ትክክል ከሆነ በኋላ ነው።

---

ሰሊ_ኤዲተር

ይሄ ነገር ተሰብስቦ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት። እኔም ዛሬ የዲስኮቼን 197 ቁጥር አየሁ። አንዱ ላይ 16 ይላል 😬 መገልበጥ ጀምሬያለሁ።

---

ካሜራማን_ከአዳማ

ሰሊ አይዞሽ። ጋሼ፣ የመጨረሻዬ ነው። ከመርካቶ ባለ 8 እና ባለ 10 ቴራ አግኝቻለሁ፣ የዋጋ ልዩነታቸው ብዙ አይደለም። የትኛውን ልግዛ? ባለ 10ሩን ከገዛሁ የተረፈው 2 ቴራ ላይ ሌላ ነገር ልጫንበት?

---

የማህደር_ሰው

ባለ 10ሩን ግዛ። እያንዳንዱ ፋይል ሙሉ ቁራጭ ስለሚይዝ የፓሪቲው ፋይል ከዳታ ዲስኩ ትንሽ ሊበልጥ ይችላል፤ ባለ 8 ሆኖ ዳታ ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ ቦታ ሊያጥረው ይችላል። ደግሞ ነገ ባለ 10 ዳታ ዲስክ መጨመር ብትፈልግ ፓሪቲውን መቀየር አይጠበቅብህም። የተረፈው ላይ ግን ምንም አትጫን። የፓሪቲው ፋይል እያደገ ነው የሚሄደው፤ ዲስኩም በሌላ ሥራ ባይደክም ይሻላል።